በሰከንድ 5 ትርታ

ውፍረቷ 3 ሚሊሜትር ነው። በአፍንጫ ገብታ፣ ከለስላሳው ላንቃ ጀርባ ቁልቁል ታጥፋ፣ ጉሮሮ ውስጥ የምታርፍ ቱቦ ናት። ገላዋ ላይ በ1 ሴንቲሜትር ያህል የተራራቁ ሁለት የፕላቲነም ቀለበቶች አሉ። ከቀለበቶቹ የሚነሡት ሽቦዎች በቱቦዋ ውስጥ ለውስጥ አልፈው በአፍንጫ በኩል ይወጡና ከአንድ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ጋር ይገናኛሉ። የማንቸስተር ተመራማሪዎች ለመጀመሪያዎቹ ጥናቶቻቸው የተጠቀሙባቸውን እንዲህ ያሉ ቱቦዎች የሠራው ጌልቴክ የተባለ ድርጅት ነበር፤ አድራሻውም በስኮትላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በስካይ ደሴት ላይ ያለችው ደንቬጋን የምትባል መንደር ናት። ላያት ሰው ተራ የሆስፒታል ዕቃ ትመስላለች። የተሠራችው ግን በስትሮክ ምክንያት መዋጥ ያቃተው ሰው መልሶ እንዲውጥ፣ አንጎሉን በጉሮሮው በኩል ለመቀስቀስ ነው።

የቱቦዋን ጥበብ ለማየት መጀመሪያ የምታግዘውን ሥራ በቅርብ ማየት ይገባል። መዋጥን የሚያህል ረቂቅ ሥራ በሰው አካል ውስጥ ብዙ ያለ አይመስለኝም።

ጤነኛ ሰው በቀን ብዙ መቶ ጊዜ ይውጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ምራቁን ነው። ተኝቶም ይውጣል። ጉርሻው በጥርስ ላልሞ፣ በምራቅ ርሶ፣ ምላስ ሰብስባ ወደ ኋላ እስክትገፋው ድረስ ነገሩ በእጃችን ነው፤ ካሰኘን እንተፋዋለን። ምላስ አሻግራ ከሰጠችው በኋላ ግን የእኛ ፈቃድ አይጠየቅም። በአንድ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ይህ ሁሉ ይሆናል፦ ለስላሳው ላንቃ ከነእንጥሉ ተነሥቶ የአፍንጫን መንገድ ይዘጋል። ትንፋሽ ይቆማል። የድምፅ አውታሮች ግራና ቀኝ ተሳስበው ይገጥማሉ። ከአገጭ ሥር ያሉት ጡንቻዎች ሃዮይድ የምትባለውን ቅስት አጥንት ወደ ላይና ወደ ፊት ይስባሉ፤ ማንቁርትም አብሯት ይነሣል። ጣትዎን አንገትዎ ላይ አሳርፈው ምራቅዎን ቢውጡ ሽቅብ ሲወጣ ይሰማዎታል። ማንቁርት ሲነሣ ክዳኑ ወደ ኋላ ተኝቶ የአየር ቧንቧውን አፍ ይሸፍናል። በዚያችው ቅጽበት፣ ሌላ ጊዜ ተጨብጦ የሚኖረው የምግብ ቧንቧ በር ይላላና ይከፈታል። ጉርሻው ያልፋል፤ ሁሉም ወደየቦታው ይመለሳል። ትንፋሽ የሚቀጥለውም አብዛኛውን ጊዜ አየር በማስወጣት ነው። የቀረ ፍርፋሪ ቢኖር ወደ ውጭ ይገፋል እንጂ ወደ ሳንባ አይሳብም። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ባሰብኳት ቁጥር እደነቃለሁ፤ አንድ ጠንቃቃ ሠራተኛ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ተመልሶ የጠረገው ይመስላል።

ጉሮሮ የአየርና የምግብ የጋራ መንገድ ነው፤ ችግሩም ጥበቡም ከዚህ ይነሣል። አንድ ቦይ ሁለት ማሳ የሚያጠጣ የመስኖ ገበሬ አንዱን አፍ በጭቃ ሳይደፍን ሌላውን አይከፍትም፤ እጁ ጥቂት ከዘገየ ውሃው ወዳልታሰበለት ማሳ ይሄዳል። በጉሮሮ ያንን እጅ የሚተኩት ከ25 በላይ ጥንድ ጡንቻዎችና ቢያንስ 5 ጥንድ የራስ ቅል ነርቮች ናቸው። ተራቸውን የሚያስጠብቃቸው ከአንጎል ግንድ ላይ ያለ የነርቮች ስብስብ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ የአንጎል ቅርፊት አለ። ጉርሻው ትልቅ ነው ትንሽ፣ ቀጭን ነው ወፍራም፣ ሙቅ ነው ቀዝቃዛ የሚለውን ከጉሮሮ እየሰማ ሥራውን ያስጀምራል፣ ያስተካክላል። “እየሰማ” የምትለዋን ቃል አንባቢ ይያዝልኝ፤ የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ የሚዞረው በእሷ ላይ ነው።

ስትሮክ ሲመጣ ይህ ቅደም ተከተል ይናጋል። አዲስ የስትሮክ ሕሙማን ከሆኑት ግማሽ ያህሉ የመዋጥ ችግር ይገጥማቸዋል፤ ብዙዎቹ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይሻላቸዋል፣ የቀሩት ግን ለወራት ይቸገራሉ። የማንቁርቱ መነሣት በሰከንድ ክፋይ ቢዘገይ ውሃው ቀድሞት አየር ቧንቧ ውስጥ ይገባል። ጤነኛውን ሰው ትን ሲለው ሳል መጥቶ ያወጣለታል፣ አጠገቡ ያለው ሰውም “እኔን!” ብሎ ጀርባውን መታ መታ ያደርገዋል። ስትሮክ የጉሮሮውን ስሜት የወሰደበት ሰው ግን ላያስለው ይችላል። ውሃው ይገባል፣ ሰውየው ዝም ይላል፤ ቤተሰቡም ደህና ጠጣ ብሎ ይደሰታል። ከቀናት በኋላ ትኩሳት ይነሣና የሳንባ ምች ይሆናል። በስትሮክ የተመታ ሰው ከሚሞትባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ካልሆነ ከዋነኞቹ አንዱ ይኸው ምች ነው።

ኤሌክትሪክን እዚህ ላይ ለማዋል በሰፊው የታወቀው መንገድ ከውጭ፣ ከአንገት ቆዳ ላይ የሚጀምረው ነው። በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት የንግግርና የመዋጥ ሕክምና ባለሙያ የነበረችው ማርሲ ፍሪድ ከባልደረቦቿ ጋር በ2001 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጥናቷን አሳተመች። ከዚያ ሥራ የወጣው ቫይታልስቲም የተባለ መሣሪያ በብዙ አገር ክሊኒኮች ገባ። መሣሪያው በሰከንድ 80 ትርታ ይሰጣል፤ ጉልበቱ እስከ 25 ሚሊአምፔር ይደርሳል። አራት ትንንሽ ኤሌክትሮዶች ከአገጭ ሥርና ከማንቁርቱ በላይና በታች ይለጠፋሉ፤ ታካሚው እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ኤሌክትሪኩ እየሠራ የመዋጥ ልምምዱን ያደርጋል።

የሰለጠነ እጅ ይህን ሲሠራ ማየት ደስ ያሰኛል። ጺም ካለ ይላጫል፤ ቆዳው በአልኮል ተጠርጎ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ወዝ ያለበት ቆዳ ላይ ኤሌክትሮድ አይገጥምምና። ባለሙያዋ የማንቁርቱን ጎድጓዳ በጣቷ ፈልጋ ከዚያ ትለካለች። ወደ ጎን አትወጣም፤ ከአንገት ጎንና ጎን ያሉት ትላልቅ የደም ሥሮች የደም ግፊትንና የልብ ምትን የሚቆጣጠሩ ነርቮች ያሉባቸው ስለሆኑ ኤሌክትሪክ እንዲደርስባቸው አይፈለግም። ከዚያ ጉልበቱን በጥቂት በጥቂቱ ትጨምራለች። ታካሚው መጀመሪያ “ወረረኝ” ይላል፣ ቀጥሎ “ነዘረኝ”፣ በመጨረሻ “አንገቴን ጨበጠኝ” ይላል። ብዙ ባለሙያዎች የሚፈልጉት ያንን ጭብጥ ነበር፤ ጡንቻው እንደተኮማተረ ምልክት ይሆናቸዋል።

ታዲያ የሚጨበጠው የትኛው ጡንቻ ነው? ጥያቄውን በራጅ ፊት ያቆሙት በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ይሠሩ የነበሩት ክሪስቲ ላድሎና ባልደረቦቿ ናቸው። በ2006 አያኔሳ ሀምበርት በመሪነት የጻፈችው ጥናታቸው ወጣ። በጤነኛ ፈቃደኞች አንገት ላይ ኤሌክትሮዶቹን በ10 ዓይነት አቀማመጥ እያፈራረቁ ሃዮይድ አጥንትና ማንቁርት ወዴት እንደሚሄዱ በራጅ ተመለከቱ። ያዩት ነገር ከተጠበቀው ተቃራኒ ነበር፦ በብዙዎቹ አቀማመጦች አጥንቷም ማንቁርቱም ወደ ታች ወረዱ። ምክንያቱ ሲታሰብ ግልጽ ነው። ማንቁርትን ወደ ላይ የሚያነሡት ጡንቻዎች ጠለቅ ብለው ይገኛሉ፤ ከቆዳው ሥር ወዲያው የሚገኙት ሰፋፊዎቹ ጡንቻዎች ደግሞ ወደ ታች የሚስቡት ናቸው። ከላይ የመጣ ኤሌክትሪክ መጀመሪያ የሚያገኘው የላዩን ነው።

በቀጣዩ ዓመት ላድሎና ጓደኞቿ ለረጅም ጊዜ መዋጥ በተቸገሩ ሕሙማን ላይ ያው መውረድ እንዳለ አሳዩ። ነገር ግን ሁለት ነገር ጨመሩ፤ እኔ ጥናቱን የምወደው ለእነዚህ ሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው፣ ጉልበቱ ጡንቻ በማይነካበት፣ ሰውየው ስሜቱ ብቻ በሚሰማው ዝቅተኛ ልክ ሲሰጥ፣ ወደ አየር ቧንቧ የሚገባው ነገር ቀነሰ። ሁለተኛው፣ በኤሌክትሪኩ አጥንታቸው በጣም ወደ ታች የተሳበባቸው ሕሙማን መዋጣቸው ተሻሽሎ ተገኘ፤ ምናልባትም ከሚጎትታቸው ነገር ጋር እየታገሉ ለማንሣት ስለተገደዱ። የተለመደውን መሣሪያ በዚህ መልክ ዓይኑን አፍጥጦ የሚመረምር ሰው ባይኖር ኖሮ “አንገቴን ጨበጠኝ” የሚለው ቃል ዛሬም ለብቻው የስኬት ምልክት ሆኖ በቀረ ነበር። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም የሆነው ናይስ በ2018 ስለዚህ የአንገት ሕክምና ሲጽፍ፣ ከጉዳት አንጻር የሚያሰጋ ትልቅ ነገር እንዳልታየ፣ ለስትሮክ ሕሙማን ጥቅም ሊኖረው እንደሚችል፣ ማስረጃው ግን በጥራትም በብዛትም ውስን እንደሆነ ገልጿል። ፍርዱ ተገቢ ይመስለኛል።

ወደ ቱቦዋ ልመለስ። የእሷ ታሪክ የሚጀምረው ከማንቸስተር አጠገብ በሳልፎርድ ከተማ ከነበረው ሆፕ ሆስፒታል ነው። እዚያ ሻሂን ሀምዲ፣ ቃሲም አዚዝ፣ ዴቪድ ቶምሰንና ጓደኞቻቸው የመዋጥን ቦታ በአንጎል ላይ መፈለግ ጀመሩ። ዘዴያቸው ጭንቅላት ላይ ከውጭ በተያዘ ጥቅል ሽቦ አጭር የማግኔት ምት መስጠት፣ የጉሮሮ ጡንቻ ሲመልስ ደግሞ ጉሮሮ ውስጥ ባለችው ቱቦ ቀለበቶች መቅዳት ነበር። ቀለበቶቹ መጀመሪያ ጆሮ ነበሩ ማለት ነው፤ በኋላ አፍም ሆኑ።

በ1996 ያሳተሙት ካርታ አንድ እንቆቅልሽ ፈታ። ስትሮክ ብዙውን ጊዜ የሚመታው የአንጎልን አንዱን ጎን ነው፤ ታዲያ ለምን አንዱ መዋጥ ሲያቅተው ሌላው አያቅተውም? ካርታው እንዳሳየው የመዋጥ ጡንቻዎች በሁለቱም የአንጎል ጎኖች ቦታ አላቸው፤ ይሁን እንጂ አንዱ ጎን ከሌላው ይሰፋል። የትኛው እንደሚሰፋ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ወይም ግራኝ ከመሆኑ ጋርም ግንኙነት የለውም። ሰፊው ጎን የተመታበት ሰው መዋጥ ይቸግረዋል። ቀጥሎ የሚድኑትን ሲከታተሉ፣ መዋጥ ሲመለስ የሚሰፋው የተጎዳው ጎን ሳይሆን ያልተጎዳው፣ ቀድሞ ጠባብ የነበረው ጎን ሆኖ አገኙት። ሰውየው የሚድነው ታናሹ ወገን የታላቁን ሥራ ሲማር ነው።

ከዚህ በኋላ የሥራው ጥያቄ ግልጽ ሆነ፦ ያንን ትምህርት ማፋጠን ይቻላል ወይ? በ1998 ያወጡት መልስ፣ ጉሮሮን ለ10 ደቂቃ በኤሌክትሪክ መቀስቀስ ብቻ የጉሮሮን ቦታ በአንጎል ካርታ ላይ እንደሚያሰፋው፣ ለውጡም ኤሌክትሪኩ ከቆመ በኋላ እንደሚቆይ የሚያሳይ ነበር። አካሄዱን እንዲህ ብሎ ማየት ይቻላል፦ የጉሮሮ ነርቮች ስሜቱን ተቀብለው ወደ አንጎል ግንድ፣ ከዚያም ወደ ቅርፊቱ ያደርሳሉ። ቅርፊቱ ደጋግሞ ሲሰማ የመመለስ አቅሙ ይጨምራል። ኤሌክትሪኩ ጡንቻውን አያስውጥም፤ አንጎሉን “ጉሮሮህ እዚህ አለ” ይለዋል። ላድሎ በራጅ ካየችው ጋር አስተያዩት፤ በአንገት በኩል ሲሞከርም የረዳው ዝቅተኛው፣ የስሜቱ ልክ ነበር።

እዚህ ላይ እውነተኛው የእጅ ሥራ ይመጣል፤ ምን ያህል፣ በምን ፍጥነት፣ ለስንት ጊዜ? በ2002 የወጣው የክሪስ ፍሬዘርና የሀምዲ ቡድን ጥናት የተለያዩ ፍጥነቶችን አወዳደረ። በሰከንድ 5 ትርታ የአንጎሉን የመመለስ አቅም ከፍ አደረገ። ፈጣኖቹ ደግሞ ዝቅ አደረጉት። ሰው በተፈጥሮው ብዙ ከሆነ ይበልጥ ይሠራል ብሎ ያስባል፤ እዚህ ግን ብዙው ያደነዝዛል። ኋላ ደግሞ የተንኮል የሚመስል ብልሃት ጨመሩ። በጤነኛ ፈቃደኞች አንጎል ላይ በዝግታ በሚደጋገም የማግኔት ምት የመዋጡን ቦታ ለጥቂት ጊዜ አዳከሙ፤ ጉዳት ሳያደርሱ የስትሮክን ነገር አስመሰሉ ማለት ነው። ከዚያ የጉሮሮ ቅስቀሳው ያንን ድክመት ይመልሰው እንደሆነ አዩ፤ መለሰውም። በ2010 በወጣው በዚህ ሥራ ላይ ከሕሙማን ጋር ሲሠሩ ልኩን ወሰኑ፦ በቀን አንድ ጊዜ፣ 10 ደቂቃ፣ ለ3 ቀን።

በአልጋው አጠገብ ይህ እንዲህ ይሠራል። ቱቦዋ ከገባች በኋላ የኤሌክትሪኩ ጉልበት ከታች ተነሥቶ በጥቂቱ ይጨምራል። ታካሚው ለመጀመሪያ ጊዜ ስሜቱ ሲሰማው ያሳውቃል። ብዙዎቹ መናገር የማይችሉ ናቸው፤ እጃቸውን ያነሣሉ፣ ወይም ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ያ ቁጥር ይመዘገባል። ከዚያ ጉልበቱ እንደገና ይጨምራል፣ ታካሚው “ይበቃኛል” እስኪል። ያም ይመዘገባል። ሁለቱም ልኬት ይደጋገምና አማካዩ ይወሰዳል፤ አንድ ጊዜ ብቻ የተለካ ስሜት አይታመንምና። ሕክምናው የሚሰጠው ከመጀመሪያው ስሜት እስከ “ይበቃኛል” ባለው ርቀት ሦስት አራተኛው ላይ ነው። ለምሳሌ አንድ ሰው በ8 ሚሊአምፔር ቢሰማውና በ24 ቢበቃው፣ መካከሉ 16 ነው፤ የእሱ ሦስት አራተኛ 12፤ 8 ሲደመርበት 20 ይሆናል። በማግሥቱ ሁሉም እንደገና ይለካል፤ ትናንት የተሰማው ዛሬ ሌላ ሊሆን ይችላልና።

ይህ ስሌት ብዙ ጊዜ አቁሞኛል። ሐኪሙ ከውጭ ይዞት የሚመጣው የተወሰነ ልክ የለም። ልኩ የሚወጣው ከታካሚው ከራሱ ስሜት ነው፤ የሚጀምርበትንም የሚያበቃበትንም የሚናገረው እሱ ነው። መናገር፣ መብላት፣ መነሣት ለተወሰደበት ሰው በሕክምናው ላይ የመጨረሻው ቃል ተሰጥቶታል።

እስቲ ደግሞ ኤሌክትሪኩን ራሱን በቅርብ እንየው። እያንዳንዷ ትርታ የምትቆየው 200 ማይክሮሰከንድ ነው፤ የሰከንድ አምስት ሺህኛ። በሰከንድ 5 ብትሆን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያልፈው ለ1 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። በ10 ደቂቃ 3,000 ትርታ ይሰጣል፤ ሁሉም ሲደመር 0.6 ሰከንድ ነው። በሦስቱ ቀን ተደምሮ 9,000 ትርታ፣ 1.8 ሰከንድ። የሦስት ቀን ሙሉ ሕክምና፣ ባዶው ጊዜ ከተቀነሰለት፣ ሁለት ጊዜ ምራቅ ለመዋጥ ከሚወስደው ጊዜ አይበልጥም። የቀረው ጊዜ ሁሉ ዝምታ ነው፤ ነርቩ የሰማውን የሚያደርስበት፣ አንጎሉም የሚቀበልበት።

ከምርምር ቤት ወደ ሕሙማን ክፍል ሲገባ ቱቦዋም ተሻሽላለች። ፋጀነሲስ የተባለ የማንቸስተር ድርጅት ባወጣው ፋጀኒክስ በሚባለው መሣሪያ፣ ኤሌክትሮዶቹን የያዘችው ቱቦ እስከ ጨጓራ ወርዳ ምግብም ታስተላልፋለች። መዋጥ ያቃተው ሰው የምግብ ቱቦ በአፍንጫው መግባቱ አይቀርም፤ አንዷ ቱቦ ሁለቱን ሥራ ስትሠራ ሁለተኛ ቱቦ ከመግፋት ስቃይ ይድናል። የታመመ ሰው አፍንጫ ያየ ሰው ያሰበው ነገር ነው።

እዚህ ድረስ ሁሉም ያማረ ነው። በ2016 ግን ከባድ ፈተና መጣ። ፊሊፕ ባዝ የመራው ስቴፕስ የተባለው ጥናት 162 የስትሮክ ሕሙማንን ለሁለት ከፍሎ ለአንዱ ወገን ትክክለኛውን፣ ለሌላው ኤሌክትሪክ የሌለበትን የማስመሰያ ሕክምና ሰጠ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በራጅ ሲታዩ ልዩነት አልተገኘም። ጉዳትም አላደረሰም፣ ጥቅምም አላሳየም። አጥኚዎቹ መዝገባቸውን ሲመረምሩ የተሰጠው የኤሌክትሪክ ጉልበት ከቀደሙት ጥናቶች ያነሰ ሆኖ አገኙት፤ ብዙዎቹ ታካሚዎች በቂውን ልክ አላገኙም ማለት ነው። “ይበቃኛል” የሚለውን ለመጠበቅ ትዕግሥት ያነሰው እጅ ውጤቱን ይዞ ይሄዳል። ይህን ሰበብ ነው የሚል ሰው ሊኖር ይችላል፤ እኔም ቀጣዩ ጥናት ባይመጣ ኖሮ ያንኑ እል ነበር።

ቀጣዩ በጀርመን፣ በኦስትሪያና በጣልያን ተሠርቶ በ2018 ታተመ። የመራው በጀርመን ሙንስተር ከተማ የነበረው ራይነር ዲቫስ ነው። የመረጡት እጅግ የከበዱትን ሕሙማን ነበር፤ ከስትሮክ በኋላ በማሽን ተንፍሰው፣ ከማሽኑ ቢላቀቁም ምራቃቸውን መዋጥ ስላልቻሉ ከአንገታቸው ላይ በቀዳዳ የገባው የመተንፈሻ ቱቦ ሊወጣላቸው ያልቻለ። እንዲህ ያለ ሰው ድምፅ የለውም፤ አየሩ የድምፅ አውታሮቹን ሳያገኝ ከታች ይወጣልና። ለ3 ቀን 10፣ 10 ደቂቃ ተሰጣቸው። ከዚያ በአፍንጫ በሚገባ ካሜራ ጉሮሯቸው ታየ። እውነተኛውን ሕክምና ካገኙት 35 ሰዎች መካከል 17ቱ ቱቦው ሊወጣላቸው የሚችልበት ደረጃ ደረሱ። ማስመሰያውን ካገኙት 34 ሰዎች መካከል የደረሱት 3 ብቻ ነበሩ። ልዩነቱ ግልጽ ስለነበረ ጥናቱ ከታሰበለት ጊዜ ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪም በ2022 መሣሪያውን ፈቀደ።

ታዲያ ፍርዴ ምንድን ነው? ይህ ሕክምና ስትሮክ ለያዘው ሁሉ የሚታዘዝ አይደለም፤ ማስረጃው የጠነከረው በጣም በከበዱት ላይ ነው፣ ቀለል ባሉት ላይ ገና ክርክር አለበት። እንደ ሥራ ግን ጥሩ ሥራ ነው። በመጀመሪያ ካርታ ነበረው፣ ቀጥሎ ልክ፣ ቀጥሎ ፈተና፤ ፈተናውን ሲወድቅም ወድቆ ያየውን ጽፎ አስቀመጠ። ብዙ የሕክምና መሣሪያ ከመሸጫው ጀምሮ ወደ ማስረጃው ይሄዳል፤ ይህኛው ከአንጎል ካርታ ተነሥቶ ወደ አልጋው መጣ።

ኤሌክትሪኩ ብቻውን ሰው እንደማያድን መናገርም ግዴታዬ ነው። አጠገቡ የዕለት ተዕለት ሥራ አለ፤ ታካሚውን ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ፣ አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ አድርጎ እንዲውጥ ማስለመድ፣ ውሃውን በማወፈሪያ ዱቄት ማወፈር፣ በማንኪያ ትንሽ ትንሽ መስጠት፣ አፉን በቀን ደጋግሞ ማጽዳት። ይህን ሥራ በዋሽንግተን አካባቢና በሌሎችም የአሜሪካ ከተሞች በአረጋውያን መንከባከቢያዎች የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን አሳምረው ያውቁታል። ወፍራሙን ውሃ በብርጭቆ እያዋሃዱ፣ ሳይቸኩሉ፣ አንዷ ጉርሻ እስክትወርድ ቆመው የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ከፕላቲነም ቀለበቱ ጋር በአንድ ሚዛን ብመዝነው የእነሱ ሥራ አይቀልብኝም።

እዚህ አገር ቤት ላለ አንባቢ ደግሞ መሣሪያ የማይጠይቅ አንድ ነገር አለኝ። ቤታችሁ ውስጥ ያለ ሰው ድንገት አፉ ቢጣመም፣ አንድ ወገን እጁ ቢዝል፣ ንግግሩ ቢኮላተፍ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። እስኪመረመር ድረስ ግን በአፉ ምንም አትስጡት፤ ውሃም ቢሆን፣ አጥሚትም ቢሆን፣ ክኒንም ቢሆን። ጠበሉንም እስኪመረመር አቆዩለት። የእንግሊዝ መመሪያ የስትሮክ ሕመምተኛ ሆስፒታል በደረሰ በ4 ሰዓት ውስጥ መዋጡ እንዲፈተን ያዛል። ቢያንስ የመጀመሪያው ፈተና ለሠለጠነ ነርስ ጥቂት ውሃና ጥሩ ጆሮ ነው የሚጠይቀው፤ ከዋጠ በኋላ ድምፁ ውሃ ውሃ ካለ፣ ካሳለው፣ ምራቁ በአፉ ጥግ ከወረደ፣ ምግብ ጉንጩ ውስጥ ከቀረ፣ መንገዱ ገና አልተስተካከለም። ሳል አለመኖሩም ደህና ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ ብርጭቆውን ከማንሣታችሁ በፊት ሐኪሙን ወይም ነርሷን “መዋጡ ተፈትኗል ወይ?” ብላችሁ ጠይቁ።